ተሸናፊ ያልተመረጠለት የኬጅ ግጥሚያ

ጥያቄ፦ «በአንድ አነስተኛ የሬስሊንግ ድርጅት ውስጥ የግጥሚያ ዕቅድ ከሚያወጡት፣ ማለትም ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው ከሚወስኑት ሰዎች አንዱ ነኝ። ባለፈው ዝግጅታችን ለወራት ሲጣሉ የቆዩትን ሁለት ዋና ተፋላሚዎቻችንን በኬጅ፣ ማለትም የፍልሚያውን መድረክ ዙሪያውን በሚዘጋ የብረት አጥር ውስጥ አጋጠምናቸው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሦስተኛ ተፋላሚ በሩን ሰብሮ ገባ፣ ሁለቱንም ደበደበ፣ ግጥሚያውም ያለ ውጤት ተቋረጠ። ሁለቱንም ወደፊት ስለምንፈልጋቸው ማንም እንዳይሸነፍ ብለን ያደረግነው ነው። ተመልካቹ ግን ጮኸብን፤ ጥለው የወጡም ብዙ ናቸው። ባልደረቦቼ ኬጅ ያለፈበት ነገር ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ቁመቱን እንጨምርና መሣሪያ እንስቀልበት ይላሉ። ኬጁ ራሱ አርጅቶ ነው ወይስ ጥፋቱ የእኛ ነው? ከዚህ በኋላስ ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ጥፋቱ የዕቅዱ ነው፤ የተፈጸመውም ኬጁ ከመገጣጠሙ በፊት፣ «ከሁለቱ ማንም አይሸነፍ» ብላችሁ በተስማማችሁበት ቀን ነው። የበሩ መሰበር፣ የሦስተኛው ሰው መግባትና የግጥሚያው መቋረጥ ከዚያ ውሳኔ የተከተሉ ናቸው። ሁለት ተፋላሚዎችን ሳይሸናነፉ ማቆየት የሚቻልባቸው ብዙ የግጥሚያ ዓይነቶች አሉ። ኬጅ ግን የሚሠራው ማን እንደሚሸነፍ ከወሰኑና ያም ሰው ያለ ምንም ማመካኛ እንዲሸነፍ ከፈቀዱ ብቻ ነው፤ ይህ ካልተወሰነ ብረቱን ከመጋዘን ማውጣት አያስፈልግም።

ምክንያቱን ለመረዳት ኬጅ ለምን እንደመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። በተራ ግጥሚያ ክፉው ገጸ ባሕርይ ከሽንፈት የሚያመልጥባቸው ቀዳዳዎች ብዙ ናቸው፤ ከሪንግ (ከፍልሚያው መድረክ) ወርዶ ዳኛው ቆጥሮ እስኪጨርስ ይቆያል፣ ሆን ብሎ ሕግ ጥሶ ግጥሚያውን ያስቋርጣል፣ ጓደኞቹ ገብተው ያድኑታል፣ ሲብስበትም የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ታቅፎ ወደ መልበሻ ክፍል ይሮጣል። ተመልካቹ እነዚህን ማምለጫዎች አንድ በአንድ እያየና እየተናደደ ለወራት ይጠብቃል። ኬጅ የሚመጣው ቀዳዳዎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው፤ ለተመልካቹ የሚሰጠውም ቃል ዛሬ መውጫም መግቢያም የለም፣ ዛሬ ሒሳቡ ይወራረዳል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1983 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና በተደረገው ስታርኬድ በተባለው ትልቅ የሬስሊንግ ዝግጅት የመጀመሪያ ምሽት ላይ ሪክ ፍሌር ከሻምፒዮኑ ከሃርሊ ሬስ ጋር በኬጅ ውስጥ የገጠመው በዚሁ ምክንያት ነበር። በታሪኩ ውስጥ ሬስ ፍሌርን ከሬስሊንግ ለሚያስወጣለት ሰው 25,000 ዶላር እንደሚከፍል አስታውቆ ነበር፤ ገንዘቡን የተመኙ ሁለት ሰዎችም ፍሌርን አንገቱ ላይ ጎድተውት ነበር። ስለዚህ ብረቱ ጌጥ አልነበረም፤ በገንዘብ የተገዙ እጆችን ውጭ የሚያስቀር አጥር ነበር። ፍሌር በሦስት ቁጥር፣ ማለትም የሬስን ትከሻዎች ዳኛው ሦስት እስኪቆጥር ወለል ላይ ይዞ፣ አሸንፎ ቀበቶውን ሲወስድ ተመልካቹ የተገባለት ቃል በሙሉ ተፈጸመለት።

በእናንተ ዝግጅት ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሦስተኛ ሰው እንዳይገባ ተብሎ በተሠራ አጥር ውስጥ ሦስተኛ ሰው ገባ። ተመልካቹ የጮኸው ግጥሚያው ስለሰለቸው አልነበረም። ቲኬት የገዛበት ቃል ስለታጠፈ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በትኩረት መከታተሉ ራሱ ኬጁ እንዳላረጀ ማስረጃ ነው።

በዚህ ስህተት የወደቃችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ እጅግ ብዙ ገንዘብና ልምድ ያለው የአሜሪካው የሬስሊንግ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኢ በተከታታይ ዓመታት ሁለት ጊዜ ወድቆበታል። በሴፕቴምበር 2018 ሮማን ሬይንስና ብሮን ስትሮማን ጣሪያ ባለው ኬጅ፣ ማለትም በሄል ኢን ኤ ሴል ውስጥ ሲፋለሙ ብሮክ ሌስናር በሩን በእርግጫ ከፍቶ ገባና ሁለቱንም ደበደባቸው፤ የዝግጅቱ የመጨረሻ ግጥሚያም ያለ ውጤት ቀረ። ኦክቶበር 6 ቀን 2019 በሳክራሜንቶ ደግሞ በዚያው ዓይነት ኬጅ ውስጥ ሻምፒዮኑ ሴት ሮሊንስ ዘ ፊንድ ከተባለው የብሬይ ዋያት ገጸ ባሕርይ ጋር ገጠመ። ዘ ፊንድ አዲስና አስፈሪ ሆኖ ገና በመገንባት ላይ ስለነበር መሸነፉ አልተፈለገም፤ ቀበቶውም ከሮሊንስ እንዲወሰድ አልተፈለገም። ውጤቱ፣ ሕግ በመጣስ መሸነፍ የሚባል ነገር በሌለበት ግጥሚያ ውስጥ ሮሊንስ ትልቅ መዶሻ ስለተጠቀመ ዳኛው ፍልሚያውን እንዲያቆም ተደረገ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፤ ገንዘባችን ይመለስ የሚል ድምፅም ተሰማ። ሁለቱ በዚያው ወር መጨረሻ በሪያድ እንደገና ሲገናኙ ግጥሚያው በምንም ምክንያት ሊቆም አይችልም ተብሎ መታወጁ፣ ድርጅቱ ራሱ የታጠፈውን ቃል እንደገና ማሰር እንዳስፈለገው ያሳያል።

ባልደረቦችዎ በዚህ ላይ አንድ ጥሩ መከራከሪያ ሊያነሱ ይችላሉ፤ እኔም ልሸሸው አልፈልግም። በሬስሊንግ ታሪክ ከታዩት የኬጅ አጨራረሶች ሁሉ በጣም ከሚታወሱት አንዱ በትክክል ሦስተኛ ሰው በሩን የገነጠለበት ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 1997 በሴንት ሉዊስ፣ በመጀመሪያው ሄል ኢን ኤ ሴል፣ አንደርቴከር ሾን ማይክልስን ሊጨርሰው ሲል ኬን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ አለ፣ በሩን ነቅሎ ገባ፣ ወንድሙ ነው የተባለውን አንደርቴከርን ጣለው፣ ማይክልስም አሸነፈ። ታዲያ ያ ለምን ሠራ? አንደኛ፣ በዚያች ሌሊት የማይክልስ ዕዳ አስቀድሞ ተከፍሎ ነበር፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል በአጥሩ ላይ ተፈጭቷል፣ ፊቱ በደም ተሸፍኗል፣ ከጎኑ ወድቆ የኮሜንታተሮችን ጠረጴዛ ሰብሯል፤ የሸሸው ሰው ሲቀጣ ማየት የፈለገው ተመልካች አይቷል። ሁለተኛ፣ ኬን እየመጣ መሆኑ ለወራት ሲነገር ስለቆየ መግባቱ ግጥሚያውን የሚያቋርጥ እንቅፋት ሳይሆን ሲጠበቅ የነበረ ሰው መድረስ ነበር። ሦስተኛ፣ ግጥሚያው በሦስት ቁጥር አልቋል፤ አሸናፊና ተሸናፊ ነበረው። አራተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፤ ያ ኬጅ ከዚያ በፊት ተደርጎ ስለማያውቅ በሩ ሲነቀል የኬን ኃይል መለኪያ ሆነ። በሩ በየጊዜው የሚከፈት ከሆነ ግን መከፈቱ ስለ ማንም ጉልበት አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ስለ ቁልፉ ደካማነት ነው።

ከጣልቃ ገብነት ቀጥሎ ብዙ የኬጅ ግጥሚያዎችን የሚያበላሸው፣ እናንተም ሳትመክሩበት እንዳታልፉ የምፈራው፣ የማምለጥ ሕግ ነው። በደብሊው ደብሊው ኢ ልማድ ተፋላሚው ከኬጁ ወጥቶ ሁለት እግሮቹ ወለል ከነኩ ያሸንፋል። ሕጉ አጓጊ ትዕይንት ይሰጣል፤ ሁለት ሰዎች በአጥሩ ጫፍ ላይ ሲታገሉ ማየት ልብ ያንጠለጥላል። ነገር ግን በውስጡ የተቀበረ ተቃርኖ አለ፤ ሰው እንዳይሸሽ የተሠራ አጥር ለሸሸው ሰው ሽልማት ይሰጣል። ለሦስት ወር «አንተን እጄ ውስጥ ካስገባሁ አለቅህም» ሲል የነበረ ጀግና፣ ጠላቱ እጁ ላይ በወደቀበት በዚያው ሌሊት ወደ በሩ የሚሳብ ከሆነ ተመልካቹ ቀድሞ የተናገረውን ሁሉ ይጠራጠራል። በሩ በዳኛ የሚከፈት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ሁለት እርምጃ ርቆ የተከፈተ በር እያለ አምስት ሜትር ብረት የሚወጣ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚደክም ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

ይህ ሲባል ሕጉ ፈጽሞ አይሠራም ማለት አይደለም። ኦገስት 29 ቀን 1994 በቺካጎ ብሬት ሃርትና ወንድሙ ኦወን ሃርት ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ያለ አንዲት ጠብታ ደም ተፋልመው አዳራሹን ከመቀመጫው አስነስተዋል። በዚያ ግጥሚያ ማሸነፍ የሚቻለው በማምለጥ ብቻ ስለነበረ የመውጣቱ ሙከራ ከፍልሚያው የተለየ ነገር አልነበረም፤ ፍልሚያው ራሱ እሱ ነበር። በመጨረሻም የኦወን እግር በብረቱ ተይዞ ተንጠልጥሎ ሲቀር ብሬት ወረደ። የዶን ሙራኮና የጂሚ ስኑካ ግጥሚያም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ኦክቶበር 17 ቀን 1983 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ስኑካ በጭንቅላቱ ሲመታው ሙራኮ በበሩ ወደ ውጭ ወደቀና በሕጉ መሠረት አሸናፊ ሆነ። ይህ ብቻ ቢሆን ተመልካቹ ተቃጥሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ስኑካ ግን ሙራኮን ጎትቶ ወደ ውስጥ መለሰው፣ የኬጁ ጫፍ ላይ ወጣ፣ ከዚያም ላይ ዘለለበት። ዛሬ ውጤቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ዝላዩን የሚያስታውሰው ግን ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ማስተካከል ከቻላችሁ የማምለጥን ሕግ ተጠቀሙበት፤ እንደ ልማድ ብቻ የምትጨምሩት ከሆነ ግን ብትተዉት ይሻላል።

ኬጁን በቁመት፣ በጣሪያና በመሣሪያ እናሳድገው የሚለው ሐሳብ በተደጋጋሚ ተሞክሯል። በ1996 የደብሊው ደብሊው ኢ ተፎካካሪ የነበረው ድርጅት ደብሊው ሲ ደብሊው ባለ ሦስት ፎቅ ኬጅ ሠርቶ ሃልክ ሆጋንንና ራንዲ ሳቬጅን ከስምንት ሰዎች ጋር አጋጠመ፤ ሁለቱ ስምንቱን ስለረቱ ከዚያ በኋላ ለተመልካቹ የሚያስፈራ ክፉ ሰው አልቀረለትም። በ1999 ደብሊው ደብሊው ኢ በሁለት ኬጆች መካከል ውሾች አስገብቶ አል ስኖውንና ቢግ ቦስ ማንን አፋለመ፤ ያስፈራሉ የተባሉት ውሾች ለተፋላሚዎቹ ደንታ አልነበራቸውም። በ2007 ቲ ኤን ኤ የተባለው ሌላ የሬስሊንግ ድርጅት ኬጁ በኤሌክትሪክ ተሞልቷል ብሎ፣ ተፋላሚ ብረቱን በነካ ቁጥር መብራት እያደበዘዘና የሚንዛዛ ድምፅ እያሰማ አቀረበው፤ ተመልካቹ አላመነም፣ የዝግጅቱ ታሪክ ጸሐፊ ይባረር ብሎም ጮኸ። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ነገር የተጨመረው ዕቃ የፀቡን ጥያቄ የማይመልስ መሆኑ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለምን ውሻ አስፈለጋቸው ተብሎ ቢጠየቅ ታሪኩ መልስ የለውም። ኬጅ ለምን አስፈለጋቸው ተብሎ ሲጠየቅ ግን፣ በትክክል የታቀደ ከሆነ፣ ከሦስተኛ ረድፍ የተቀመጠ ሕፃን ሊመልሰው ይገባል።

የቡድን ኬጅ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ሕግ ራሱ ታሪክ ሲናገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ተፋላሚው ደስቲ ሮድስ ያመነጨው ዎር ጌምስ የተባለ የቡድን ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ጁላይ 4 ቀን 1987 በአትላንታ ነው፤ ሁለት ሪንጎች በአንድ ኬጅ ተከበቡ፣ ሁለት ሰዎች ጀመሩ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሳንቲም ዕጣ ያሸነፈው ቡድን አንድ ሰው አስገባ፣ ከዚያም በየሁለት ደቂቃው እየተፈራረቁ ገቡ። ዕጣው በልማድ ለክፉዎቹ ስለሚወጣ ጀግኖቹ ሁልጊዜ በቁጥር ያንሳሉ፤ አዲስ ጀግና በገባ ቁጥርም አዳራሹ ይነሳል። ሁሉም ገብተው ሳያልቁ ግጥሚያው ሊያበቃ አይችልም፤ የሚያበቃውም አንዱ እጅ ሲሰጥ ነው። በዚያ ምሽት እጅ የሰጠው የክፉዎቹ ማናጀር ጄ. ጄ. ዲሎን ስለነበር ፍጻሜው የማያወላዳ ሆኖ ሳለ ከታላላቆቹ ተፋላሚዎች አንዳቸውም አልረከሱም። በ1998 ደብሊው ሲ ደብሊው ያንኑ ኬጅ ለሦስት ቡድኖች አደረገው፣ በሦስት ቁጥር ማሸነፍን ፈቀደ፣ ሽልማቱንም ለቡድኑ ሳይሆን ለአንድ ሰው የሻምፒዮና ዕድል አደረገው። በአንድ ቡድን ያሉ ሰዎች መተባበር የሚገባቸው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ነገር ጠፋ፤ ሕጉ ተቀየረና ታሪኩ አብሮት ጠፋ።

ድግግሞሽንም አትርሱ። ደብሊው ደብሊው ኢ ከ2009 ጀምሮ ሄል ኢን ኤ ሴልን በየዓመቱ የሚደረግ ዝግጅት ስም አደረገው፤ በመጀመሪያው ምሽት ብቻ ሦስት ግጥሚያዎች በዚያ ኬጅ ውስጥ ተካሄዱ። ቲ ኤን ኤ በበኩሉ በ2005 በጀመረው ሎክዳውን ላይ የምሽቱን ግጥሚያዎች በሙሉ በኬጅ ውስጥ አደረገ። ከዚያ በኋላ ፀቡ ኬጁን መጥራቱ ቀረና ኬጁ ፀብ ይፈልግ ጀመር፤ የ2018ቱና የ2019ኙ ጥፋት ሥርም እዚህ ይመስለኛል። ቀኑ ደርሷል፣ ኬጁ ተሰቅሏል፣ ማንም ግን ገና ለመሸነፍ አልደረሰም።

ስለ አደጋ በግልጽ መናገር አለብኝ። ጁን 28 ቀን 1998 በፒትስበርግ ተፋላሚው ሚክ ፎሊ ከሄል ኢን ኤ ሴል ጣሪያ አምስት ሜትር ያህል ወርዶ በጠረጴዛ ላይ የተጣለበት ምስል ለብዙ ወጣት ተፋላሚዎች መጥፎ አስተማሪ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ተከፍቶ ወደ ሪንጉ ውስጥ የወደቀበት ሁለተኛው አወዳደቅ ደግሞ እንደዚያ እንዲሆን የታሰበ አልነበረም፤ ጥርሱ ወጥቷል፣ ራሱን ስቷል። ያንን ለመድገም የሚሞክር ድርጅት ሁለት መጥፎ ምርጫ ብቻ ይጠብቀዋል፤ ወይ ሰው ይጎዳል፣ ወይም ሰው እንዳይጎዳ ከሥር ትራስ ያነጥፋል። በሜይ 2021 ኤ ኢ ደብሊው በተባለው ድርጅት ግጥሚያ ማብቂያ ላይ ክሪስ ጄሪኮ ከኬጅ ጫፍ ሲጣል ያረፈበት ለስላሳ ነገር በካሜራ ታየ፣ የምሽቱ ወሬም ፍልሚያው መሆኑ ቀርቶ እሱ ሆነ። ትራስ ማንጠፍ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ትራስ የሚያስፈልገውን አወዳደቅ መደምደሚያ ማድረግ ነው። በእናንተ አቅም ካለ ድርጅት ማንም ከኬጅ ጫፍ ወደ ውጭ መጣል የለበትም፤ በዚህ ላይ የምለሳለስበት ምክንያት የለኝም። ከግጥሚያው በፊትም የእያንዳንዱን ጎን መጋጠሚያና ብሎን በሁለት ሰው ክብደት ፈትሹ፣ ሐኪም በቦታው ይኑር፣ ደምም አትፈልጉ።

የኬጅን ወሰን ማወቅም ያስፈልጋል። ኬጅ የሌለ ፀብ አይፈጥርም፣ ተመልካች ያልወደደውን ሰው አያስወድድም፣ ደካማ ፍልሚያንም አይሸፍንም፤ እንዲያውም ፍርግርጉ እይታ ስለሚጋርድ ከሩቅ የተቀመጠ ሰው ጥቃቅን እንቅስቃሴ አይታየውም። ስለዚህ ተፋላሚዎቹ በኬጅ ውስጥ ዝግ ያሉና ትላልቅ እንቅስቃሴዎችን ሊመርጡ ይገባል። የመጀመሪያው ከብረቱ ጋር መጋጨት ለብዙ ደቂቃ ተጠብቆ፣ ተፈርቶ፣ ተሸሽቶ መምጣት አለበት። በአንድ ዝግጅት ላይ ኬጁን በተመልካች ፊት ለመግጠም ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጅቶ አዳራሹ ሲቀዘቅዝ አይቻለሁ፤ ሥራው በዕረፍት ሰዓት እንዲያልቅ አድርጉ።

አሁን ወደ ትክክለኛ ፍርሃታችሁ ልምጣ፤ የተሸነፈው ሰው ዋጋው ይወድቃል ብላችሁ ትፈራላችሁ። ሰውን የሚያወርደው የተሸነፈበት መንገድ ነው እንጂ ሽንፈት ብቻውን አይደለም። በማርች 1997 ስቲቭ ኦስቲን በኬጅ ባይሆንም እጅ በመስጠት ብቻ በሚያልቅ ግጥሚያ በብሬት ሃርት ተሸነፈ፤ እጅ ግን አልሰጠም፣ ደም በፊቱ እየወረደ ራሱን ሳተ። ከዚያ ምሽት የወጣው ከገባው በላይ ትልቅ ሆኖ ነው። በኖቬምበር 1985 ተሊ ብላንቻርድ በኬጅ ውስጥ ለማግነም ቲ.ኤ. «ተሸነፍኩ» ብሎ እንዲናገር ሲገደድ ደግሞ፣ በመጨረሻ በተሰበረ የወንበር እንጨት እየተወጋ ስለነበር የሽንፈቱ ክብደት ለሁለቱም ስም ሆኗል። ከዚህ በተቃራኒ ያለ ውጤት የቀረ ግጥሚያ ሁለቱንም ያወርዳል፤ አንዱ ማሸነፍ ያልቻለ፣ ሌላውም ሊሸነፍ ያልተፈቀደለት ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው። ኬጁን ቢያንስ ለሚቀጥሉት አራትና አምስት ወራት አታውጡት። በሩን የሰበረው ሰው አሁን ለሁለቱም ባለ ዕዳ ስለሆነ አስቀድማችሁ እሱን አስከፍሉት፤ ከሁለቱ ጀግና የሆነው በተራ ግጥሚያ በግልጽ ያሸንፈው፣ ቀጣዩ ኬጅ ሲታወጅም እንደገና ሊገባ እንደማይችል ተመልካቹ ይወቅ። ከዚያ ሁለቱን መልሳችሁ አገናኙ። በሩ በሰንሰለት ይታሰር፣ ቁልፉ በሁሉም ፊት ለዳኛው ይሰጥ፣ ማምለጥ የሚባል ሕግ አይኑር፣ ፍጻሜው በሦስት ቁጥር ወይም እጅ በመስጠት ብቻ ይሁን። ክፉው በግጥሚያው አጋማሽ ወደ ላይ ለመውጣት ይሞክር፣ ጀግናውም ጎትቶ ያውርደው፤ አዳራሹ ለወራት የጠበቃት ቅጽበት እሷ ናት። ከዚያ ክፉው ይሸነፍ፣ ማንም አይግባ፣ መብራቱም ጀግናው ቀበቶውን ይዞ እንደቆመ ይጥፋ። የሚሸነፈውን ሰው ስም ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በዕቅዱ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በስሙ ላይ መስማማት ካልቻላችሁ ኬጁን ሰርዙና ሁለቱን በተራ ሪንግ አጋጥሟቸው።